የአባቴ አውራ ጣትና የተለሰነው ግንብ

ለተከበሩ የቅርስ መናፈሻችን ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ አዲሱ ግንብዎ ስንጥቅ የማይታይበት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከመናፈሻው በር ፊት ለፊት ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። አባቴ ደግሞ ግቢው የጡብ ፋብሪካ በነበረበት ዘመን ሠላሳ አንድ ዓመት ጭቃ ሲያቦካ ኖሮ፣ ዛሬ ዓይኑ የጠፋ ጡረተኛ ነው። ይህን የምጽፈው ስለ ውለታዎ ለማመስገን ነው።

1ኛ. ስለ ግንቡ። የፋብሪካው ሠራተኞች አንድ ልማድ ነበራቸው፤ እያንዳንዱ ሰው የቀኑን የመጨረሻ ጡብ ሳይደርቅ በአውራ ጣቱ ይጫነው ነበር። የግቢው አጥር ግንብ የተገነባው በእነዚያ ጡቦች ነው። አባቴ በየማለዳው ግንቡን እየዳሰሰ ጓደኞቹን አንድ በአንድ ሰላም ይል ነበር፤ ሰፊው የጣት ጉድጓድ «ዝሆኔ» የሚሉት ጓደኛው ነው፣ ጠመም ያለው የምድጃ ጠባቂው። ከበሩ በስተቀኝ፣ በደረት ልክ ያለችው ትንሿ ግን አብራው ጡብ ትሠራ የነበረችው የሟች እናቴ ናት። እዚያ ሲደርስ ይቆይ ነበር።

እርስዎ ግንቡ የተበሳሳ መልክ አለው ብለው አስለሰኑት። በላዩም ጡብ ሠሪዎች ሲስቁ የሚያሳይ ሥዕል አሣሉበት፤ እጃቸው እንኳ ጭቃ አልነካውም፣ እግዜር ይስጥልን። ባለፈው ሰኞ አባቴ ከዳር እስከ ዳር ዳስሶት ተመለሰና «ሰዎቹን የት ወሰዷቸው?» አለኝ።  ከዚያ ወዲህ ምግብ ለወጉ ይቀምሳል እንጂ አይበላም፤ እኔም ፈርቻለሁ።

2ኛ. በሩ ላይ «ማኅበረሰቡን ያሳተፈ እድሳት» የሚል ሰሌዳ ሰቅለዋል። ሰፈሩን በሙሉ ብጠይቅ የተሳተፈ አላገኘሁም። ምናልባት በሥዕሉ ላይ የሚስቁት ይሆናሉ።

3ኛ. ልመናዬ አንዲት ናት። ከበሩ በስተቀኝ የመዳፍ ስፋት ያህል ልስን ያስነሡልኝ፤ የቀረውን ሥዕልዎ ይያዘው።

ከወንበርዎ የማያስነሣ ሥራ እየተመኘሁልዎ፣ በመርፌና በትዕግሥት የምትኖር ጎረቤትዎ፣
የሁለት ጡብ ሠሪዎች ልጅ።

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው፣ ትናንት አባቴ ሳላየው ወጥቶ ከበሩ በስተቀኝ ሠራተኞችዎ በድጋሚ የቀቡትን እርጥብ ልስን አገኘና አውራ ጣቱን ጫነበት። ጥበቃዎ ይዞት «ቅርስ አበላሽቷል» የሚል ቅጽ ሞላ፤ አባቴ ማንበብም መፈረምም ስለማይችል አውራ ጣቱን ቀለም ነክረው ቅጹ ላይ አስጫኑት። ምልክቱን በፋይልዎ በክብር ስላስቀመጡልን እናመሰግናለን። መዝገብ ቤቱን ሲያድሱ ግን እሱንም እንዳይለስኑት አደራ።