የአባባ ቁልቋል

ሰኞ፣ ሐምሌ 7። ጠዋት 1፡00
የዛሬውን ፎቶ አነሳሁ። ያው ቦታ፣ ያው ሰዓት፣ ጎኑ ማስመሪያ አቁሜ። ባለፈው ሳምንት ምስር የምታክል የነበረችው ቡናማ ነጥብ ሽምብራ አክላለች። ፈንገስ ነው ብሎኛል በየነ፤ የኮሌጅ ጓደኛዬ፣ አሁን ዱራሜ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ። ፎቶውን በየቀኑ በቴሌግራም እልክለታለሁ። መድኃኒቱንም ረጭቻለሁ።

ማስታወሻዬ፣ ሳቅብኝ ከፈለግክ። የማስተምርበት ት/ቤት ተዘግቶ ከቦኖሻ እማዬ ቤት ከመጣሁ ወዲህ ሥራዬ ይሄው ነው፦ ሰው ስለ እንሰቱና ስለ ድንቹ ሲጨነቅ እኔ በረንዳ ላይ ተንበርክኬ እሾህ ፎቶ አነሳለሁ። ግን አባባ ሹፌር ሳለ ከድሬዳዋ በቀለም ቆርቆሮ ተክሎ ያመጣው ነው። ከእጁ የቀረን ሕይወት ያለው ነገር ይሄ ብቻ። አይሞትም። ጨረስኩ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10
ባሰበት። ሌላ ነጥብ፣ ከሥሩ። ይባስ ብሎ ከሱ ያባዛናቸው ትንንሾቹም ጀመራቸው። በየነ ውሃ አታጠጪ ይላል። ማጠጣት ካቆምኩ ቆየሁ እኮ! ተናደድኩ። እማዬ በር ላይ ቆማ፣ ለሰው ቢሆን ይሄን ያህል ትለፊለት ነበር ወይ አለችኝ። ባል አግቢ ማለቷ ነው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14። ከሰዓት
መብራት የለም። መናኸሪያው ጋ ጄነሬተር ያላት ካፌ ገብቼ ስልኬን ቻርጅ እያደረግኩ ፎቶዎቹን በተራ አየኋቸው። በሽታው ሰልፍ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ከአባባው ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። በየነም ደወለ። ሁሉም ፎቶ ላይ ተክሉ ያብረቀርቃል፣ በምን ረጠበ አለኝ። ዝናብ ነው እንዳልል በረንዳው ውስጥ፣ ግድግዳው ጥግ ነው ያለው። ነገ ቀደም ብዬ እነሳለሁ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15። ጠዋት
እማዬ! በእርጥብ ጨርቅ ስታብሰው ደረስኩባት። እሾሁን እየሸሸች፣ እንደ ሕፃን ፊት ቀስ እያለች። ከአባባው ጀምራ በዚያው ጨርቅ ወደ ትንንሾቹ። በሽታውን በእጇ ስታዞር ነው የከረመችው። ጮኽኩባት። ደነገጠች። "ምን አጠፋሁ? ፎቶ ልታነሺው አይደል? ፊቱን ሳይታጠብ ፎቶ የሚነሳ ማን አለ?"

እውነቷን ነው። ግድግዳችን ላይ በፎቶ የተሰቀልን ሁሉ ፊታችን በቅባት ያበራል። አባባ ለመንጃ ፈቃድ ጉርድ ፎቶ እንኳ ተላጭቶ ኮት ተውሶ ነበር።

በሽታው በጨርቁ እንደሚተላለፍ አስረዳኋት። እኔ ነኛ የገደልኩት አለች። አልሞተም አልኳት። ምሳ አልበላችም። ምነው ባልጮኽኩ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19
የሚያብረቀርቅ የለም። ትንንሾቹ ላይ ነጥቡ ባለበት ቆሟል፣ ፎቶው ይመሰክራል። የአባባው ግን ሥሩ ለስልሷል፤ ማስመሪያው ሲነካው ይሰረጉዳል። በየነ ቁርጡን ነገረኝ። ግንዱ አይተርፍም፣ ጫፉ ግን ጤነኛ ነው። ቆርጬ፣ ቁስሉን ጥላ ላይ አድርቄ፣ አሸዋ ላይ ልተክለው። ለእማዬ ነገርኳት። ጓዳ ገባች። ያለቀሰች መሰለኝ። ቢሆንም ነገ እቆርጠዋለሁ።

እሑድ፣ ሐምሌ 20። ከቸርች መልስ
ልብስ ቀይሬ ቢላዋ ይዤ ስወጣ እማዬ የቸርች ልብሷን አላወለቀችም። ፊቷን ታጥባ፣ ቅባት ተቀብታ፣ ከቆርቆሮው አጠገብ ቆማለች። ሳይቆረጥ አብሬው አንሺኝ አለች። እንዳትነካው እጇን ወደ ኋላ አጣምራለች። እሱ እንዳለ ይነሳ፣ እኔ ስለ ሁለታችንም ታጥቤያለሁ አለች።

ማስመሪያውን ከጎኑ አነሳሁ፤ ዛሬ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ፎቶ ተበላሸ። ሁለተኛው ጥሩ ነው።

ቢላዋውን በአልኮል ጠርጌያለሁ። ጫፉን በጋዜጣ ጠቅልላ የምትይዘው እሷ ናት። እየጠራችኝ ነው። ልቁረጠው።