በእሱ በሬ የታረሰው ማሳ

ሰኞ

አልፈውኝ ሄዱ! የበረዶ ጉዳት መዝጋቢው ኮሚቴ ማሳዬ ዳር ቆመ፤ ከወረዳ የመጣው ልጅ እግር ሰውዬ አንገቱን አስግጎ አየና "እትዬ፣ ጤፍዎ እኮ ያምራል፤ የምን ጉዳት ነው?" ብሎኝ አለፈ። ከጤፉ በፊት በቆሎ ነበረበት፣ ሐምሌ ላይ በረዶ አገዳ ብቻ አስቀርቶት ገልብጠን ነው የዘራነው ብል ማን ይስማኝ። የእርዳታው ገንዘብ የወደመ ሰብል በዓይን ለታየለት ነው አሉ።

ዓለምነው ከኋላቸው ቆሟል። የኮሚቴ አባል ነው፤ የልጄ የምናለ የክርስትና አባትም ነው። መሬት መሬት ያያል። ራሱ አይደል እንዴ "አበልጄ፣ መሬቱ ጦም አይደር፣ እንገልብጠውና ጤፍ ዝሪበት፤ ምስክርሽ እኔ" ያለኝ! በወንፈል፣ በእሱ በሬዎች ነው የታረሰው። የራሱን በቆሎ ግን በረዶ እንደጣለው ተወው። ተመዘገበለት።

ማክሰኞ

ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ "ግምጃ ቤት ከተማ ሄዷል" አለችኝ። ፈረሱ ደጅ ላይ ሣሩን ይግጣል። ጋቢው አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። በእግሩ፣ ያለ ጋቢ ሄዷላ! ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ።

ረቡዕ

ቤት ውስጥ ያለኝ፦ ገብስ ጥቂት። ድንች፣ እሱም የበቀለ። ጓሮ ጎመን አለ፣ ተመስገን።

ጤፉ እስኪደርስ የሚያሻግረን በቆሎው ነበር። ገንዘቡ ከቀረ ላሟን መሸጥ ነው፤ እሷ ደግሞ እርጉዝ ናት። ምናለ መቼ ትወልዳለች እያለ በየጠዋቱ ይጠይቀኛል። ምን እንደምለው እንጃ።

ሐሙስ

ዛሬ የዓለምነው የዳጉሳ ማሳ አረም ነበር። አልሄድም ብዬ አድሬ ሄድኩ። የበሬውን ውለታ የምመልሰው በአረም ነው፤ ተናደድኩ ብዬ አላስቀረውም። ጠላውን ግን አልቀመስኩለትም።

ለእረፍት ስንቀመጥ ሰው ሁሉ ፊት ጠየቅሁት፦ "አበልጄ፣ በሐምሌ በሬህን ጠምደህ የማን ማሳ ላይ ዋልክ?" ጠላውን አንስቶ ጎነጨ። ሽማግሌው ጋሽ ታከለ "የእሷ ላይ ነዋ! በረዶ የመታውን ስንገለብጥ ሁላችንም ነበርን" አሉ። እሱ ዓይኑን በጨው ታጥቦ "መች ካድኩ? አልጠየቁኝም እንጂ" አለ። "እንግዲያ ነገ ሄደህ ሳትጠየቅ ተናገር" አሉት። እሺ አለ። ዛሬ እንኳ እንቅልፍ ይወስደኝ ይሆናል።

ዓርብ

በጋሪ አብረን ዳንግላ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ስለ ምናለ ትምህርት ሲያወራኝ ነበር። ወረዳ ቢሮ ገባን። ኃላፊው "መሬቷን በረዶ መቶታል?" አለው።

"ሲወራ ሰምቻለሁ" አለ።

ሲወራ! እርፍ ይዞ የዋለው ማን ነው? አገዳው ሲሰበር የነበረው ማን እግር ሥር ነው? ነጠላዬን ሰብስቤ ተነሳሁ። ስንወጣ "አበልጄ፣ የተጎዳ ሁሉ ተመዝግቧል ብዬ ፈርሜያለሁ፤ አሁን ቃሌን ብለውጥ የእኔንም ይሰርዙብኛል" አለኝ። ሁለተኛ አበልጄ እንዳትለኝ አልኩት። ጋሪውን ትቼለት በእግሬ ተመለስኩ።

ቅዳሜ

ጋሽ ታከለ መጡ። ሰኞ እሳቸውና ወንፈል የወጡት ሁሉ ሄደው ሊመሰክሩልኝ ነው። ይሰሟቸው ይሆን? እስከዚያ ላሟን ገበያ አላወጣትም።

ማክሰኞ ደግሞ የአረም ተራው የእኔ ነው። ዓለምነው "ሚስቴን ልላክ ወይ?" ብሎ አስጠየቀ። አይሆንም፣ ራሱ ይምጣ አልኩ። በገዛ በሬው ያረሰው መሬት ላይ ከሁላችንም ጋር ጎንበስ ብሎ ያርም። የበቆሎው ሥር ከአረሙ ጋር ተነቅሎ እጁ ላይ ሲመጣ፣ ያኔም ሲወራ ነው የሰማሁት ይል እንደሆነ አያለሁ።