በጋዜጣ የተጠቀለለ ዓሣ

ጆሃንስበርግ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ አባቴ ለአቶ አሳምነው፣

ሰላምህ ይብዛልኝ አባዬ። ጉልበትህ እንዴት ሆነ? መድኃኒቱንስ ሳታቋርጥ እየወሰድክ ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ የሆስፒታሉም ሥራ በዝቷል እንጂ ደህና ነው። እንቅልፍ ግን ከራቀኝ ሰነበተ። ምክንያቱን ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ቻይናውያን እናትና ልጅ ይኖራሉ። እናትየው ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሕንጻው ሁሉ እንደ ዙሉዎቹ «ጎጎ» ይላቸዋል፣ አያቴ እንደ ማለት። ልጃቸው ሜይ ሳህንና ስኒ አከፋፋይ ናት። ባለፈው ቅዳሜ ቤት ሊቀይሩ ሲሰናዱ ላግዛቸው ወጣሁ። ስኒ በአሮጌ ጋዜጣ ስጠቀልል ጎጎ ከእጄ መንጭቀው ወሰዱት። ገጹ ላይ የአንድ ባለሥልጣን ፎቶ ነበር። ጭናቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው እያለሰለሱ በሩን በሩን ያያሉ።

«ተያት፣ ሁልጊዜ እንዲህ ናት» አለችኝ ሜይ በእንግሊዝኛ፣ እያፈረች። እኔ ግን ለምን እንደሆነ ጠይቂልኝ ብዬ ለመንኳት። ጎጎ ጋዜጣውን እንደያዙ ጀመሩ፤ ሜይ ትተረጉምልኛለች።

በቻይና በባህል አብዮቱ ጊዜ፣ ወጣት ሳሉ፣ ጠዋት የሚቀሰቅሳቸው ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ነበር። የአገሪቱ መሪ ፎቶ የሌለበት ቤት የለም። ጨው ለመግዛት እንኳ አስቀድሞ መፈክር ይባላል፤ ባለሱቁም በመፈክር ይመልሳል። «መጀመሪያ በልባችን እንስቅ ነበር፤ በኋላ ሳናስበው ከአፋችን ይወጣ ጀመር» አሉ። አንድ ቀን አስተማሪ ባላቸው ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ገባ። የመሪው ፎቶ በወዲያኛው ገጽ እንዳለ አላስተዋለም። ጎረቤት ግን አየው፤ ያን ፎቶ ማቆሸሽ ደግሞ ወንጀል ነበር።

በማግስቱ የሰፈሩ ሰዎች ተሰብስበው ባላቸውን ጥፋቱ የተጻፈበት ሰሌዳ አንገቱ ላይ አንጠልጥለው አቆሙት። እሳቸውንም አውግዢው አሏቸው።

«እጄን አንስቼ ‹ጠላት ነው!› ብዬ ጮህኩ። ልጄን አዝዬ ነበር።»

ሜይ ይህን ተርጉማ ስታበቃ ፊቷ ተለዋወጠ። አባትሽ በሳንባ በሽታ ሞተ ተብላ ነው ያደገችው። የያዘችውን ስኒ አስቀምጣ ወጣች። እኔና ጎጎ የምንግባባበት ቋንቋ የለንም፤ እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ።

ሲመሻሽ ተመለሰችና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ እናቷን አንድ ነገር ጠየቀች። የተባባሉትን ቆይታ ነገረችኝ።

«ድምፅሽን ሰምቷል?»

«ሰምቷል። አንቺን አየና ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ‹ጩኺ› ማለቱ ነበር። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።»

ሜይ አላቀፈቻቸውም። ወለሉ ላይ አጠገባቸው ቁጭ አለች እንጂ። ዛሬም እንደ ድሮው አያወሩም፤ ግን አብረው ይበላሉ።

አባዬ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበው አንተን ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ወንድምህ ታምሩ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተጋልጦ እንደተወሰደ አክስቴ አሰፋሽ ነግራኛለች። አባዬ እዚያ ነበር ወይ ስላት ወሬ ቀየረችብኝ። እኔም አልጠይቅህም። በስልክ ስሙን ባነሳሁ ቁጥር ኔትወርኩ እንደሚቆራረጥብህ ግን አውቃለሁ።

ለገና ፈቃድ ወስጃለሁ፤ እመጣለሁ። ብታወራኝ እሰማሃለሁ፤ ባታወራኝም አጠገብህ እቀመጣለሁ። ያኔ ስንት ዓመትህ እንደነበር አስልቼዋለሁ። አሥራ ሰባት። ልጅ ነበርክ እኮ አባዬ።

የታምሩን ነፍስ ይማርልን፤ ለአንተም እግዚአብሔር ጤናና የሰላም እንቅልፍ ይስጥልኝ።

ምንም ቢሆን ምን ልጅህ የሆንኩት፣
ፀደይ አሳምነው