የሻሼ ሳህን

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ዱባለ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? የቦንጋ ዝናብ ሳልዎን አልቀሰቀሰብዎትም? በስልክ ሳወራዎት ሁሌ ደህና ነኝ ብለው ያልፉኛል። ወንድሜ ታዲዮስ ይህን ሲያነብልዎት እውነቱን ይንገሩትና ይጻፍልኝ። እኔ አምላክ ይመስገን ጤነኛ ነኝ። ልቤ ግን አላረፈም፤ ፈርቻለሁ አባባ።

እዚህ ቤቴል የምሠራበትን የድመት መጠለያ ያውቁታል። እትዬ ማኑሄ መንገድ ላይ የተጣሉ ድመቶችን ግቢያቸው ውስጥ ሰብስበው ያኖራሉ። እርስዎ ወደ ቦንጋ ሲሄዱ የእማዬን ድመት፣ ሻሼን፣ እዚያ ነው ያስገባኋት፤ ቀኑን ሙሉ ቤት ተዘግቶባት እንዳትውል ብዬ። ከክረምት ወዲህ ግን ድመቶቹ መክሳት ጀመሩ። ድዳቸው ነጣ፣ ትኩሳቱ አልለቅ አላቸው። ብርድ ነው ብለን ዝም አልን። ሦስቱ ሲሞቱብን ሐኪሙ ኢዮስያስ የቀሩትን ደም ወስዶ መረመረና የድመት ሉኪሚያ የሚባል ቫይረስ ገብቷል አለን። ሰውን አይዝም፤ ድመትን ከያዘ ግን የሚያድን መድኃኒት የለውም።

በምን ተላለፈ ብንለው፣ በምራቅ ነው አለ። ያን ጊዜ የሁላችንም ዓይን ትሪው ላይ አረፈ። እትዬ ማኑሄ ድመትም ቢሆን ብቻውን በልቶ አይጠግብም እያሉ ሁሉንም ከአንድ ሰፊ ትሪ ነበር የሚያበሏቸው። አዲስ ድመት ሲመጣም እዚያው እናቀርበው ነበር። ከበው ሲበሉ አንድ ቤተሰብ ይመስሉኝ ነበርና ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ትሪው ተጥሏል፤ እትዬ ማኑሄ ግን በሽታውን በገዛ እጄ አጎረስኳቸው እያሉ ያለቅሳሉ። ምን ብዬ ላጽናናቸው?

ሻሼ በመጀመሪያው ምርመራ ነፃ ተባለች። ቫይረሱ ቶሎ ላይታይ ስለሚችል ግን በሚመጣው ወር እንደገና ትመረመራለች። እስከዚያው ለብቻዋ ክፍል፣ ለብቻዋ ሳህን ተሰጣት። እሷ ደግሞ ብቻዬን አልበላም አለች። ስለዚህ ምሳዬን ይዤ አጠገቧ ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ፤ እኔ ስጎርስ እሷም ትቀምሳለች። ከንፈሯን ገልጬ ድዷን አያለሁ፤ አንድ ቀን ቀይ ይመስለኛል፣ በማግስቱ የነጣ ይመስለኛል። ዛሬ እኔ በልቼ ስጨርስ እንኳ ወደ ሳህኗ ዞር አላለችም። ጠግባ ይሆናል እላለሁ፤ ሆዴ ግን አያምንም።

ታዲዮስ ለገና ሲመጣ ሻሼን ይዞልኝ ይመለስ ብለው ነበር። አባባ፣ እናንተ ቤት ሁለት ድመቶች አሉ። እርግጡን ሳላውቅ ልልካት አልችልም፤ እባክዎ አይቀየሙኝ። እማዬ እስክታርፍ ድረስ እግሯ ስር ትተኛ የነበረችው እሷ መሆኗን ረስቼ አይደለም።

ለታዲዮስ ናፍቆቴ ይድረሰው። ባለቤቱን ሌሊሴን እርስዎን እንደ አባቷ ስለምትይዝልኝ እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ። ትንሹን ልጃቸውን ዳዊን ጉንጩን ይሳሙልኝ። እህቱ ሳምሪ ለሻሼ መኝታ እየሰፋች ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ተዪው አይበሏት፤ ቶሎ እንዳትጨርሰው ብቻ ይንገሯት።

ልጅዎ ጸሎት ዱባለ
ቤቴል፣ ኮልፌ ቀራንዮ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.