መሬት ያልነካ ኮቴ

ዓርብ

ቡሬ የማሳውን የአፈር ክትር ሲሻገር አራቱም ኮቴዎቹ አየር ላይ ቀሩ። ከመሬቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብለው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ቡሬ በኮምፒውተር የሠራሁት ጥጃ ነው። ከእርጥብ አፍንጫው እስከ ጭራው ጫፍ የእጄ ሥራ። የሚሄድበት ማሳ ግን እውነተኛ ነው፤ ቁሐር ሚካኤል ያለው የአያ ሞላ የሩዝ ማሳ። ፊልሙን መጀመሪያ ለባለማሳዎቹ ወረታ ላይ እናሳይ ተብሎ አያ ሞላ ከፊት ተቀምጠው ነበር። "ምነው ልጄ፣ ጥጃሽ መሬታችንን ተጠየፈው?" አሉ። የሌላ ሰው ሥራ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ዳይሬክተሩ ዳዊት ወዲያው ማይኩን አነሳ። "ይቅርታ፣ አኒሜሽኑን የሠራችው ልጅ ገና ጀማሪ ናት።" እናቴ እዚያው ተቀምጣ።

ችካሎቼን ማን ነቀለ? በቀረጻው ቀን ማሳው ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰርኩባቸው ችካሎች ተክዬ ነበር። መሬቱ የት እንደሚጎብጥ፣ የት እንደሚጎደጉድ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው በእነሱ ነው። ዳዊት "ምስሉን ያበላሻሉ" ብሎ አስነቀላቸው። "ደግሞስ የፎገራ ሜዳ አይደል? ሜዳ ምን ይለካል!" አለኝ። ሩዙ ታጭዶ ከብት ሲለቀቅበት ማሳው ምን እንደሚሆን አያውቅም። የኮቴ ጉድጓዱ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ ስንጥቁ እግር ይውጣል። ሜዳ!

ቅዳሜ

ዳዊት ደወለ። ፊልሙ ረቡዕ ባሕር ዳር ይታያል፤ እስከዚያ አስተካክለሽ ላኪ አለ። ቀጥሎ ሌላ ነገር አመጣ። ፊልሙ መጨረሻ ላይ በአኒሜተርነት የሚጻፈው የጓደኛው ስም ነው። "ሰው የሚያውቀው ስም ይሻላል። አንቺ ረዳት ትባያለሽ።"

"የማን ረዳት?"

"እህቴ፣ አሁን ለዚህ ጊዜ የለንም።"

እህቱ አይደለሁም።

ቀኑን ሙሉ በግምት ሞከርኩ። አንዱን እግር ሳወርድ ሌላው ይሰምጣል። ጥላው ከኮቴው ተለይቶ ብቻውን ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። አለቀስኩ። ከንዴት ነው፣ ከሌላ አይደለም።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ችካሎቼን ይዤ ቁሐር ወረድኩ። እንኳን ሄድኩ! አያ ሞላ ማሳውን ለሽንኩርት ሊያርሱት በሬዎቹን አዘጋጅተዋል። ሰንበት ባይሆን ዛሬ አንድም ጉድጓድ አይተርፈኝም ነበር። ችካሎቼን ሲያዩ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

"በሰንበት ችካል ይተከላል?"

"ጉድጓድ የገባ ከብት በሰንበትም ይወጣል ይባል የለም፣ አያ? የኔ ጥጃ ደግሞ መውጫ አጥቷል።"

እስኪያስላቸው ሳቁ። "ጥጃሽ ባይነካ፣ ምላስሽስ መሬት ይነካል" አሉኝ። ካሜራው የነበረበት ቦታ ቆሜ ፎቶ አነሳሁ። ጉብታውን፣ ስንጥቁን፣ ክትሩን ለካሁ። ነጠላዬ አፈር በአፈር ሆነ። እናቴ ተቀብላ አጠበችው።

ሰኞ

መሬቱን ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደገና ሠራሁት፤ የማይታይ መሬት፣ ቡሬ ብቻ የሚረግጠው። ከዚያ እያንዳንዱን እግር ለየብቻ። ጉብታ ላይ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ጉድጓድ ላይ ትከሻው ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ሁለት ጊዜ ቀጥ አለብኝ። ክትሩ ላይ የኋላ እግሩ ትንሽ ተንሸራተተ። ላስተካክለው ብዬ ተውኩት። እውነተኛ ጥጃም ይንሸራተታል።

ማክሰኞ

አያ ሞላ ለገበያ ወረታ መጥተው ነበር። የምን እንደሆነ ሳልነግራቸው ላፕቶፑን ከፈትኩላቸው። ትንሽ አዩና ተቆጡ።

"ማሳዬ ውስጥ የማን ጥጃ ነው ይሄ? እረኛው የታለ?"

ዱላቸው ከመሬት ተነስቷል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አፋቸውን ያዙ። ይህን ደስታ በምንም አልለውጠውም።

ወዲያው ዳዊት ደወለ። "ላኪው።"

"ስሜስ?"

"ተነጋግረናል እኮ፣ ረዳት…"

"እንግዲያው አልልክም።"

"በአንድ ስም ምክንያት ፊልሙን ልትገድይ ነው?"

ዘጋሁት። እስካሁን አልደወለም። ይደውል ይሆናል፤ ያንን የሚንሳፈፈውን ቡሬ ያሳይም ይሆናል። እፈራለሁ፣ አልዋሽም።

ግን ያልረገጠውን መሬት ሜዳ ነው የሚለኝን ሰው ከእንግዲህ ዝም ብዬ አልሰማም። ችካሌን ነቅሎ ጥፋቱን ለእኔ፣ ሲያምር ደግሞ ስሙን ለሌላ መስጠትን አልቀበልም። ቡሬ ከስሜ ጋር ይሄዳል፤ አለዚያ እኔው ጋ በረቱ ውስጥ ያድራል።