ጀልባዋን ብቻዬን የጫንኩ ዕለት

አሰላሙ አለይኩም፣ የዘይነባ አባት። ውዴ፣ በስምህ ልጥራህ ብል ዛሬም አፌ እምቢ ይለኛል። ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ልጅህ በቁመት እኔን አልፋኛለች፤ ቁጣዋ ግን ቁርጥ ያንተ ነው። መጋዝህን ከተሰቀለበት ማንም አላወረደውም።

የምጽፍልህ ስለ ጀልባዋ ነው። ለጊቤ ግድብ ዓሣ አጥማጅ ጀምረሃት፣ አንዱ ጎኗ እንደተከፈተ ጥለሃት የሄድካት። እኔና ዘይነባ ቀሪውን ሳንቃ መታንባት። ሚስማር ስናጣምም ሦስት ቀን ፈጀን፤ ብታይ በሳቅ ትሞት ነበር።

ስንጨርስ ታላቅ ወንድምህ መጣና አያት። ሠራችኋት እንበል፣ ማን ይጭናታል አለኝ። ጀልባ የምትጭንባትን ላንድክሩዘር ሽጠሽ እረፊ አለኝ። መኪናዋ ከሄደች ሥራህም ከደጃችን እንደሚሄድ አውቃለሁ። እናም አፌ ቀደመኝ፤ ጁምዓ ዕለት ብቻዬን ጭኜ እወስዳታለሁ አልኩት።

በተጋባን ሰሞን የሆነውን ታስታውሳለህ? ከጓሮ “ኮታ! ኮታ!” እያልክ ስትጮህ ሰማሁ። ኑ፣ ኑ ስትል ሰው የጠራህ መስሎኝ ለአምስት ሰው የሚበቃ ምሳ ሠራሁ፣ አምስት ብርጭቆ ደረደርኩ። አንተ ላብህን እየጠረግህ ብቻህን ገባህ። ጀልባው መኪናዋ ጣሪያ ላይ ታስሯል። ሰዎቹ የት አሉ ብልህ ሳቅህ እንጂ አልነገርከኝም። እንዲህ ብቻህን እየጫንክ አሥራ ሰባት ዓመት! ያን ቀጭን ትከሻህን እያየሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ጂኒ ያግዘው ይሆን እንዴ እስከማለት ደርሼ ነበር።

ጁምዓ ረፋዱ ላይ ጓሮ ወጣሁ። ጀልባዋ ብትወድቅባትስ ብዬ ዘይነባን እንዳትወጣ ከልክያታለሁ። ጎረቤት እንዳልጠራ የወንድምህ ቃል እውነት ሊሆን ነው። ከመኪናዋ ኋላ የተኛችውን ጀልባ መሐሏን አቅፌ ላነሳት ስል ወገቤ ጮኸ፤ እሷ ንቅንቅ አላለችም። መሬት ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከዚያ ዓይኔ ጥግ ላይ አረፈ። አሮጌ ጎማ፣ የቡና ጆንያ፣ ገመድ። እነዚህን ሦስቱን ለይተሽ አታስቀምጪ እያልክ ስንቴ ተቆጥተኸኛል! ጎማውን ከኋላዋ ሥር አደረግሁት፤ እንዳትንሸራተት። ጆንያውን መኪናዋ ጣሪያ ላይ ባለው ፖርቶመጋላ የኋላ ጠርዝ አነጠፍኩ። ገመዱን ከአፍንጫዋ አስሬ በጣሪያው አሳለፍኩና ከመኪናዋ ፊት ቆሜ ሳብኩ። ወጣች! ፊቷ ጆንያው ላይ ተሳፈረ። ገመዱን አስሬ ወደ ኋላዋ ዞርኩ። ለካ አንተ ታነሳ የነበረው ግማሿን ብቻ ነው! ግማሿን መኪናዋ ትሸከማለች። ሱብሃነላህ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ዓይኔ ሥር ነበር።

ኋላዋን አንስቼ ስገፋ አፌ ሳላዘው “ኮታ!” አለ። ጀልባዋ እንደ ቅቤ ተንሸራትታ ገባች። ለካ አንተ ኮታ እያልክ ትጠራ የነበረው እነሱን ነው። ጎማው፣ ጆንያው፣ ገመዱ፣ መኪናዋ፣ አንተ። አምስት ነበራችሁ! ያኔ ምሳውን አላበዛሁትም።

ወንድምህ ከመስጊድ ሲመለስ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት፣ ገመዱን ሳብ አድርጎ ሞከረው፣ ማሻአላህ አለና ሄደ። የሽያጩ ወሬ ከዚያ ወዲህ አልተነሳም።

ቤት ስገባ ዘይነባ ትልቁን ትሪ አቅርባ፣ ብርጭቆ ደርድራ ጠበቀችኝ። ጩኸቴን ሰምታ ሰው የመጣ መስሏት። ብርጭቆዎቹን ቆጠርኩ፤ ስድስት ናቸው። ሰዎቹስ አለችኝ። እንዳንተ ስቄ ዝም አላልኳትም፤ አስቀምጬ አንድ በአንድ ነገርኳት። ጎማው፣ ጆንያው፣ ገመዱ፣ መኪናዋ፣ እኔ።

ስድስተኛው ያንተ ነው። አላህ ማረፊያህን ጀነት ያድርገው፣ ውዴ፤ እኔ ጭነት በጫንኩ ቁጥር ኮታ ስል አንተን ሳልቆጥር አልነሳም።