አንዱን ስቆርጥ አምስቱ የሚወድቁት

ሰኞ፣ የካቲት 5 ቀን 1982

ዛሬም አንዱን ስቆርጥ አምስቱም ወደቁ! የኮምፒውተር ጨዋታዬ ገበሬ ከላይኛው እርከን አንድ እንሰት ይቆርጣል፤ ከሥር ባሉት እርከኖች ሁሉ በዚያው ትይዩ ያለው አብሮ ይጠፋል። ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩት ትእዛዝ ቀላል ነው፦ ከካርታው ሠንጠረዥ እዚያች ቦታ ያለችውን ፊደል አንሳ፣ ነጥብ ተካ። ፊደሏ እንሰት፣ ነጥቡ ባዶ መሬት። በቃ። ሌሎቹን ማን ነካቸው?

የግብርና ጽሕፈት ቤታችን ጓድ ኃላፊ በበሩ ብቅ አሉ። "እስከ ሐሙስ ገበሬ የሚማርበት ነገር ካላሳየኸኝ ኮምፒውተሩ ደመወዝ ክፍል ይገባል።" እኔስ? ፋይል ልሸከም ነው የተመረቅኩት?

ማክሰኞ፣ የካቲት 6

መብራት የለም። ኮዱን በወረቀት አነበብኩ። ረድፍና ዓምድ አገላብጬ ይሆን? አይደለም። መብራቱ መጣ፤ አንድ ቆረጥኩ፤ አምስቱም ሄዱ። ሙቀቱ ራሱ ያሳብዳል። ሲቀላ ሰፈር ወርጄ ሙዝ በላሁ፤ ተመልሼ ማሽኑን ሰደብኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 7

አብራኝ የምትሠራው አስቴር የገረሴ ደጋ ልጅ ናት። ስክሪኑን አይታ ሳቀች።

"ይሄ እርከን ነው ወይስ የወታደር ሰልፍ? ሁሉም አንድ ዓይነት! የአባቴ ማሳ አንዱ ጋ ድንጋይ፣ አንዱ ጋ ገደል ነው።"

"እኔ የናዝሬት ልጅ ነኝ፣ ምን ላድርግ?"

"ድንጋይ ጨምርበታ፣ የኔ መሐንዲስ!"

አፏን ላስዘጋት ሦስተኛው እርከን ላይ ድንጋይ ጨመርኩ። ቆረጥኩ። ሌሎቹ ወደቁ፤ ሦስተኛው ግን ቆሞ ቀረ!

ያኔ ገባኝ። የአንዱን እርከን ረድፍ ጽፌ ሌሎቹን ከሱ ቀድቼ ነበር። ጽሑፉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ማሽኑ ቦታ ሊቆጥብ አንዱን ብቻ አስቀምጦ ሁሉንም ወደሱ ጠቁሟል። አምስት እርከን ያልኩት ለካ አንድ ነው! ድንጋይ ያለበት ግን ጽሑፉ ስለተለየ ለብቻው ተቀመጠ። ለየረድፉ የራሱን ቦታ ሰጠሁት። ቆረጥኩ፤ አንድ ብቻ ወደቀ።

"ጌታ ይመስገን" አለች አስቴር፣ "አሁን ዝም ልትል ነው።"

ሐሙስ፣ የካቲት 8

ጓድ ኃላፊ ቆመው ሊያዩ መጥተው ተቀመጡ። ከላይ ጀምረው ቆረጡ፤ የጨዋታው ዝናብ መጣና የተራቆተው እርከን አፈሩ ታጠበባቸው። "እንደገና" አሉ። ሌላ ጊዜም እንደገና። የደመወዝ ክፍል ሰዎች ማሽኑን ሊወስዱ መጡ። ቀና ሳይሉ "ቆዩ ጓዶች፣ አንድ እርከን ቀርቶኛል" አሏቸው። ሰዎቹም ማየት ጀመሩ።

"ከታች ይጀምሩ እንጂ፣ ጓድ!" አለ አንደኛው።

ጓድ ኃላፊ ሰዎቹን አስከትለው ወጡ። ማሽኑን የተዉልኝ ፈቅደው ይሁን ረስተው አላውቅም። ግን መሸ፤ ኮምፒውተሩም ከጠረጴዛዬ አልተነሳም።